ሆንግ ኮንግ ላይ ትራንዚት አለኝ፤ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?

"ሆንግ ኮንግ ላይ የ9 ሰዓት ትራንዚት አለኝ፣ ከተማ ወጥቼ ለመመለስ ይበቃኛል?" ይህን ስንት ሰው እንደጠየቀኝ አልቆጠርኩም። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ቀን ነው ማታ? ሻንጣው በቀጥታ ያልፋል ወይስ እጃችሁ ላይ ይቀራል? ፓስፖርታችሁስ የየት አገር ነው?

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በሙሉ የእናንተ እንዳይመስላችሁ። ቀንሱለት። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ኢሚግሬሽን ተሰልፎ፣ የእጅ ሻንጣ የሚቀመጥበትን ቦታ ፈልጎ በሩ ላይ እስኪደረስ 1 ሰዓት ያዙ። ለቀጣዩ በረራ ደግሞ ቢያንስ 2 ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ መገኘት አለባችሁ። ደርሶ መልሱ በባቡር 1 ሰዓት፣ በአውቶቡስ 2 ሰዓት ይበላል። ስለዚህ 9 የተባለው ሰዓት ከተማው ውስጥ ሲመነዘር 3 ተኩል ወይም ቢበዛ 4 ተኩል ነው። ይህም ደግ ነው። 6 ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ግን የሚቀረው 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ እሱንም ሰዓቱን እያየ ነው የሚጨርሰው። ከ7 በታች ከሆነ እኔ አልወጣም። አየር ማረፊያው ሰፊ ነው፣ ዋይፋዩ ነጻ ነው፣ ጋደም ማለት ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ። ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ 5 ሰዓት ይቀድማል፣ ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እዚህ ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን በፈረንጅ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ካልኩ ስልካችሁ 20፡00 ይላል።

ፓስፖርቱ ይቅደም

ሆንግ ኮንግ በ1997 ከእንግሊዝ እጅ ወደ ቻይና ብትመለስም የራሷ ኢሚግሬሽን፣ የራሷ ገንዘብና የራሷ የቪዛ ሕግ አላት። የቻይና ቪዛ ሆንግ ኮንግ አያስገባም፤ የሆንግ ኮንግም ቻይና አያስገባም። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ያለው ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሆንግ ኮንግ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ በአገራችን ስም ፊት ለፊት የተጻፈውን ራሳችሁ አንብቡ። የጓደኛ ወሬ፣ የእኔም ጭምር፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ አይሠራም።

የቻይናዋ ጓንዡ ለንግድ የምትመላለሱ ደግሞ ይህችን ልብ በሉ። ፈጣኑ ባቡር ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ ተነስቶ 1 ሰዓት ገደማ ውስጥ ምዕራብ ካውሉን (ካውሉን ከሆንግ ኮንግ ደሴት ማዶ ያለው የከተማው ክፍል ነው) ያወርዳችኋል፣ ስለዚህ "ቅዳሜን ሆንግ ኮንግ ልዋል" ማለት ያጓጓል። የቻይና ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ግን ሆንግ ኮንግ ስትገቡ ከቻይና እንደወጣችሁ ይቆጠራል። ቪዛው እዚያው አለቀ። ዕቃችሁ ጓንዡ፣ እናንተ ሆንግ ኮንግ። በሌላ በኩል ጓንዡ ያለ ቪፒኤን እምቢ ያላችሁ ዋትሳፕ፣ ቴሌግራምና ጉግል እዚህ ወዲያው ይሠራሉ፤ ድንበሩን እንደተሻገራችሁ የስልካችሁ ጩኸት ራሱ ይነግራችኋል።

ባቡር ወይስ አውቶቡስ?

ፈጣኑ የአየር ማረፊያ ባቡር በ24 ደቂቃ ሴንትራል፣ ደሴቱ ላይ ያለው የከተማው መሐል፣ ያደርሳል። ዋጋው ከ100 የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ነው። ገንዘባቸው ከ1983 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር ታስሮ የኖረ ስለሆነ ሒሳቡ አያስቸግርም፤ 1 የአሜሪካ ዶላር 7.8 ገደማ ነው። እንግዲህ ባቡሩ በአንድ ጉዞ 13 የአሜሪካ ዶላርና ከዚያ በላይ ይበላል ማለት ነው። ኤ 21 የሚባለው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ደግሞ 40 የሆንግ ኮንግ ዶላር በማይሞላ ዋጋ 1 ሰዓት ያህል ወስዶ ናታን መንገድ ላይ፣ ካውሉን እምብርት ውስጥ፣ ያወርዳችኋል።

ብዙ ሰው ርካሽ ስለሆነ አውቶቡሱን ይመርጣል። እኔ የምመርጠው ለሌላ ነው። ላይኛው ፎቅ፣ የፊት ወንበር፣ መስታወቱ ሥር ተቀመጡ። ትሲንግ ማ የሚባለውን ተንጠልጣይ ድልድይ ታልፋላችሁ፤ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ 1,377 ሜትር ነው። ከዚያ የኮንቴይነር ወደብ ይመጣል፣ ሣጥን በሣጥን ላይ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። መርካቶ ከምንገዛው ዕቃ ስንቱ እንዲህ ካለ ወደብ ተነስቶ መጣ ብዬ አስባለሁ ሁልጊዜ። ከዚያ ፎቆቹ ይጀምራሉ። ባቡሩ ይህን ሁሉ አያሳይም።

ስለዚህ ስትሄዱ በአውቶቡስ፣ ስትመለሱ በባቡር። መመለሻ ላይ የመኪና መንገድ መዘጋጋት ልብ ያቆማል፣ ባቡሩ ግን አይዘገይም። ያላችሁ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ከሆነ ሁለቱንም በባቡር አድርጉት። 4 ሆናችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ታክሲ ከባቡር ብዙ ላይበልጥ ይችላል፤ ቀዩን ታክሲ ያዙ።

አየር ማረፊያው ላይ ኦክቶፐስ የሚባለውን ካርድ ግዙ። ባቡር፣ አውቶቡስ፣ ጀልባ፣ ትራም፣ ውኃና ብስኩት የሚሸጥበት ሱቅ፣ ሁሉም ጋ በእሱ ነው የሚከፈለው። ተራው ካርድ 50 የሆንግ ኮንግ ዶላር መያዣ አለው፤ ስትመልሱት ትንሽ ተቆርጦ ይሰጣችኋል።

ተራራው፣ ውኃው ወይስ ቡድሃው?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የጉዞ ጽሑፎች ሦስቱንም በአንድ ቀን ይሰድሩላችኋል። አትመኑ። አንድ ዋና ቦታ፣ ቢበዛ አንድ ጎረቤቱ። ከዚያ በላይ ከሞከራችሁ የምታዩት የምድር ባቡር ጣቢያ ብቻ ነው።

ተራራው ቪክቶሪያ ፒክ ነው። ፎቶ ላይ ሆንግ ኮንግን ስታዩ፣ ፎቆች ከታች፣ ባሕሩ መሐል፣ ማዶ ካውሉን፣ ያ ሥዕል የተነሳው ከዚያ ነው። ከ1888 ጀምሮ በገመድ የሚጎተት ትራም ይወጣዋል። ቁልቁለቱ ከባድ ስለሆነ ፎቆቹ በመስኮት ተጋድመው ይታያሉ። የተራራው አናት 552 ሜትር ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ቁጭ ብሎ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ "ከፍታ" ሲሉት ሳቅ ይመጣል፣ ግን ከባሕር ተነስቶ ቀጥ ያለ ስለሆነ ያስደነግጣል።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በመጋቢት ነበር። ትራሙን 1 ሰዓት ከምናምን ተሰልፌ ወጣሁ፤ ከዚያ በላይ ከፍዬ ሰገነቱ ላይ ደረስኩ። ነጭ። ወተት ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ራሱ እንደ ጥላ ነበር። በዚያ ወቅት ጭጋግ እንደሚበዛ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን እየነገርኳችሁ ነው። መጀመሪያ ከታች ቀና ብላችሁ እዩ። የተራራው ራስ ካልታየ እናንተም ከላይ ምንም አታዩም፣ እንዲህ ቀላል ነው። ሰማዩ የጠራ ከሆነ ግን ሂዱ፤ የሚከፈልበትን ሰገነት ግን ተዉት። ከላይኛው ጣቢያ ጀምሮ ሉጋርድ መንገድ የሚባል ጠባብ የእግር መንገድ ተራራውን ይዞራል። ጥቂት እንደሄዳችሁ ዛፉ ይከፈትና ያው ዕይታ በነጻ። ሰልፉ ረጅም ከሆነ ከሴንትራል ቁጥር 15 አውቶቡስ ይወጣል፤ ትንሽ ይቆያል፣ መጠምዘዣው ሆድ የሚረብሸው ሰው ካለ ፊት ይቀመጥ።

ቡድሃው፣ ትልቁ ሐውልት፣ ሌላ ነገር ነው። ያለው ላንታው ደሴት ላይ ነው፣ አየር ማረፊያው ካለበት ጎን። ትልቁ ብልጫው ይሄ ነው፤ ቀን ላይ 7 ወይም 8 ሰዓት ላለው ሰው ከተማ ከመግባት ይህ ይቀላል። ኤስ 1 አውቶቡስ ይዛችሁ ቱንግ ቹንግ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ 5.7 ኪሎ ሜትር በኬብል ካር፣ 25 ደቂቃ ገደማ። ከእግራችሁ ሥር ባሕር፣ ከኋላ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ፣ ከፊት አረንጓዴ ተራራ። ከዚያ 34 ሜትር የሚረዝም የነሐስ ሐውልት፣ 268 ደረጃ። "የሌላ እምነት ጣዖት ምን ላደርግ እሄዳለሁ" የሚል ዘመድ እኔም አለኝ፤ ለእሱ የነገርኩት ደረጃውን ሳትወጣ ተራራውንና ኬብል ካሩን ብቻ አይተህ ተመለስ ነው። ደስ ብሎት ነው የመጣው። ችግሩ ማታ አይሆንም። ኬብል ካሩ አመሻሹ ላይ ይዘጋል፣ ነፋስ ሲበረታ ይቆማል፣ ለጥገናም የሚዘጋበት ቀን አለው። ከዘጋ ቁጥር 23 አውቶቡስ ከቱንግ ቹንግ አለ።

ውኃውስ? እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ውኃውን ነው የምመርጠው፣ ያለ ማመንታት።

ናታን መንገድን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ብትሄዱ መጨረሻው ቺም ሻ ቹይ ነው። (እኔ ስሙን ለመያዝ "ጺም ሻ ጹይ" ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ጺም ያለውን መርሳት አይቻልም።) ባሕሩ ዳር 44 ሜትር የሚሆን የሰዓት ማማ አለ፣ የ1915። ድሮ የባቡር ጣቢያ ነበር፤ ጣቢያው ፈረሰ፣ ማማው ቀረ። ለገሐርን ለሚያውቅ ሰው ጣቢያ ሲፈርስና ሲቀር ያለውን ልዩነት ማስረዳት አያስፈልግም። ከማማው ጎን የጀልባው መሣፈሪያ ነው። ስታር ፌሪ።

ይህ ጀልባም ሥራውን የጀመረው እንደ ተራራው ትራም በ1888 ነው። አረንጓዴና ነጭ፣ እያንዳንዱ የኮከብ ስም ያለው። ከካውሉን ወደ ሆንግ ኮንግ ደሴት በ10 ደቂቃ ያሻግራል፣ 10 የሆንግ ኮንግ ዶላር አይሞላም። አንድ የአሜሪካ ዶላር እንኳ አይደርስም ማለት ነው! ላይኛው ወለል ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ መደገፊያው ይገለበጣል፤ ጀልባው ሳይዞር ስለሚመላለስ ተሣፋሪው ነው መደገፊያውን ገልብጦ ወደሚሄድበት የሚዞረው። መርከበኛው በረጅም ዘንግ ገመዱን ይስባል፣ ሰው ጋዜጣውን አጥፎ ይነሳል። ለእነሱ የየቀን ታክሲ ነው። ለእናንተ ግን የዓለም ጉድ በሁለቱም በኩል ቆሟል፤ ፊት ለፊት የባንክ ሕንጻዎች፣ ከኋላቸው ተራራው፣ ከጎን የጭነት ጀልባ እየተንገዋለለ። በምሽት ከሆነማ ሌላ ነው። በየምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከሕንጻዎቹ የመብራት ትርኢት አለ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትርኢቱ ያን ያህል አይደለም። ሰዉ ሲበተን ጠብቃችሁ በጀልባው ብትሻገሩ ይሻላችኋል።

ማዶ ስትደርሱ ሰዓት ከተረፈ ትራም ያዙ። ከ1904 ጀምሮ የሚሄድ ባለ ሁለት ፎቅ ትራም ነው፣ በደወሉ ድምፅ ዲንግ ዲንግ ይሉታል። በኋላ ገብታችሁ በፊት ትወርዳላችሁ፣ ስትወርዱ ትከፍላላችሁ። ዋጋው የትም ብትወርዱ አንድ ነው፣ ከ5 የሆንግ ኮንግ ዶላር በታች። ቀስ ይላል። ይህ ነው ጥቅሙም፤ 7 ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ እንዴት እዚህ እንደተከመረ በልብስ ማድረቂያው፣ በሱቁ፣ በሰው መስኮት በኩል እያያችሁ ታልፋላችሁ። የግዛቷ ስፋት 1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ የተጠበቀ ተራራና ጫካ ነው። ሰዉ በቀረው ላይ ነው ወደ ላይ የወጣው።

ስለዚህ በአጭሩ የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ቀን፣ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ትራንዚት፣ ሰማዩ ደህና፦ ቡድሃው። ማታ፣ ከ7 ሰዓት በታች እስካልሆነ ድረስ፦ ውኃው። የ10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ትራንዚት፣ ሰማዩ የጠራ፦ አመሻሽ ላይ ተራራው፣ ሲጨልም ውኃው። ልጅ ከያዛችሁ ተራራውን ሰርዙና ጀልባና ትራም ብቻ አድርጉ፤ ሰልፍ የለውም፣ ልጆቹም ከሁሉ የሚያስታውሱት እሱን ነው።

ገበያ

አጭር ነው። የሴቶች ገበያ የሚባለው ሞንግ ኮክ ያለው ለቱሪስት የተሰደረ ነው፤ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ የስልክ ሽፋን። መርካቶን የለመደ ሰው ክርክሩን ያሸንፋል፣ ዕቃው ግን አዲስ አበባም አለ። የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ፣ ኬብል፣ አሮጌ ራዲዮ የሚወድ ሰው ሻም ሹይ ፖ ወርዶ አፕሊው መንገድ ይሂድ። እሱ እውነተኛ ገበያ ነው። ዱባይ ወይም ሌላ ኤምሬት ለምትኖሩ ደግሞ ጥሩ ወሬ፤ ሶኬታቸው ያው ባለ ሦስት ጥርሱ የእንግሊዝ ነው፣ ቻርጀራችሁ ይሰካል።

ምን እንብላ?

የአሳማ ሥጋ በየቦታው አለ፣ በማይመስልበትም ቦታ። "አትክልት ብቻ" ብላችሁ ያዘዛችሁት ኑድል መረቁ የሥጋ ሊሆን ይችላል። ጾም ላይ ከሆናችሁ መፍትሔው የቡድሃ ገዳማት ምግብ ቤቶች ናቸው። ትልቁ ሐውልት ሥር ያለው ፖ ሊን ገዳም ምሳ ያበላል፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ዳይመንድ ሂል የሚባለው ጣቢያ አጠገብ፣ ቺ ሊን የሚባለው የሴቶች ገዳም አትክልት ቦታ ውስጥ አለ። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም። ወተትና እንቁላል እንዳይገባ ብቻ ጠይቁ።

ሙስሊም ከሆናችሁ ናታን መንገድ ላይ የካውሉን መስጊድ ፊት ለፊት ይታያችኋል፣ ነጭ ነው፤ ዋን ቻይ ያለው መስጊድ ውስጥ ደግሞ ሐላል ዲም ሰም የሚሸጥ ካንቲን አለ። በእንፋሎት የበሰለች ትንሽ ጥቅል ሊጥ ናት ዲም ሰም፣ ውስጧ ሥጋ ወይም ሽሪምፕ።

ምንም ሳትጨነቁ ሆድ መሙላት ከፈለጋችሁ ቺም ሻ ቹይ ያለው ቹንግኪንግ ማንሽንስ ግቡ። በ1961 የተሠራ ባለ 17 ፎቅ ሕንጻ ነው፤ ምድር ቤቱ የምንዛሬ ሱቅ፣ ሲም ካርድ፣ የሕንድና የፓኪስታን ምግብ ቤት። ታሊ የሚሉት የእነሱ በያይነቱ ነው። አፍሪካዊ ነጋዴ የማይጠፋበት ቦታ ስለሆነ ሰው እንደ እንግዳ አያያችሁም።

ካደራችሁ

እዚያው ቹንግኪንግ ማንሽንስ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች የከተማው ርካሾች ናቸው። ሊፍቱ ግን ጠባብ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ሻንጣ ከተከፈተ ሰው አይቆምም። ለአንድ ሌሊት፣ ለብቻው ለሚሄድ፣ ይሆናል። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ትንሽ ጨምራችሁ እዚያው ቺም ሻ ቹይ ሆቴል ያዙ፤ በእግር ጀልባው ጋ ትደርሳላችሁ። ሴንትራል ይወደዳል። አንድ ጊዜ ካውሉን ውስጥ ስሟን የማልጠራት አንዲት ማረፊያ "መስኮት ያለው" ብላ አከራየችኝ፣ መስኮቱ ነበረ፣ ሲከፈት ግድግዳ ነው። ፎቶውን ብቻ አትዩ፣ መስኮቱ ምን እንደሚያሳይ ጠይቁ። እኩለ ሌሊት ደርሳችሁ ጠዋት 2 ሰዓት የምትበሩ ከሆነ ደግሞ ከተማ መግባት ለምንድን ነው? አየር ማረፊያው ውስጥ ጋደም በሉ።

እሑድ ከሆነ

ሴንትራል ላይ በእሑድ ብትወርዱ የሆነ ነገር ያቆማችኋል። በትልልቆቹ ባንኮች ሥር፣ በእግረኛ ድልድዩ ላይ፣ በየደረጃው፣ ሴቶች ካርቶን ዘርግተው ተቀምጠዋል። በሺዎች። ይበላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ጥፍር ይቀባባሉ፣ ቤተሰብ ጋ በቪዲዮ ያወራሉ። የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ከተማዋ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች አሉ። በሕግ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት አላቸው፣ የሚያርፉበት ክፍል ግን የላቸውም፣ ስለዚህ መንገዱ ላይ ያርፋሉ። ቤይሩት ወይም ሪያድ እህት ያለችው ሰው ይህን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። ብዙ ጎብኚ ፎቶ ያነሳል። እናንተ አታንሱ።

አየሩ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ደረቅና ለብ ያለ ነው። በእነሱ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ እርጥብ ነው፣ ከቤት ስትወጡ መነጽር በእንፋሎት ይሸፈናል። ጃኬት ግን ያዙ፤ ሞልና አውቶቡስ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ያንቀጠቅጣል። በዚያው ወቅት ታይፉን፣ ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ይመጣል። ማስጠንቀቂያው በቁጥር ነው፤ 8 ቁጥር ከተሰቀለ ጀልባው ይቆማል፣ ትምህርት ቤት፣ ቢሮ፣ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል። የ3 ቁጥር ምልክት ካያችሁ ራቅ አትበሉ። 8 ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትውጡ፣ በረራችሁም እንደማይነሳ ገምቱና ከሌላው ተሣፋሪ ቀድማችሁ መቀመጫ፣ ሶኬት፣ አንድ ሳህን ኑድል ያዙ።